ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ሽቦ

ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ስለ ዝናብ ጻፉ ተብለን ግማሽ ገጽ ጽፌአለሁ። መምህሩ ተነስተሽ አንብቢ ሲለኝ ግን ተነሳሁና ቆሜ አለቀስኩ። በዚያው ዓመት ትምህርቱን ተውኩት፤ ከዚያ ወዲህ ብዕር የያዝኩት ለመፈረም ብቻ ነው። አሁን የምጽፈው ይህን ነገር ለሰው ልናገር ብዬ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ስላቃተኝ ነው። ሰው ፊት ስቆም ቃሉ ይጠፋኛል። ወረቀት ግን አይቸኩልም፤ የጠፋኝን ቃል እስካገኘው ይጠብቀኛል።

አባቴ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነበር። ጋራዥ አልነበረውም። ከአብነት ወደ መርካቶ ውስጥ በሚያስገባ አንድ ጠባብ መንገድ፣ ከእህል መጋዘኖቹ ግንብ ሥር፣ አንድ የእንጨት ሣጥን፣ አንድ አሮጌ ባትሪና ለመቀመጫ የሚሆኑ ድንጋዮች ነበሩት። መኪናው ይመጣል፣ ግንቡን ተጠግቶ ይቆማል፣ አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ ይሠራል። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እዚያው ነበር። ሰው "ግንቡ ሥር ያለው" ካለ እሱን ማለቱ ነው።

የዓይን ግፊት እንዳለበት ያወቅነው ከረፈደ ነው። ሐኪሟ እናቴን ለብቻዋ ጠርታ የጠፋው እንደማይመለስ፣ ጠብታውም የቀረውን ለማቆየት ብቻ እንደሆነ ነገረቻት። እናቴ ለእኔ ነገረችኝ። ለእሱ ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። ሻይ ሲቀዳ ብርጭቆው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ሲፈስ "ይሄ ቤት ምነው ጨለመ?" ይላል፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታ ሳለ። እናቴም ተነስታ መጋረጃውን እንደምትገልጥ ታስመስላለች።

እኔ በዚያን ጊዜ በርበሬ ተራ አንድ መጋዘን ውስጥ በርበሬ እለቅም ነበር። መስከረም ላይ አባቴ የአንድ ታክሲ ሽቦ አነካክቶ ጭስ ተነሳ። ባለ ታክሲው ሰው እስኪሰበሰብ ጮኾበት ሄደ። ማታ እናቴ እንጨት ትፈልጥ በነበረበት ጓሮ ጠርታኝ፣

"ከነገ ጀምሮ ምሳውን አንቺ ውሰጂለት" አለችኝ።

"ሥራዬስ?"

"ሥራሽ እሱ ነው። ምሳውን ከሰጠሽው በኋላ ቶሎ አትመለሺ።"

እንዲህ ነው የጀመርኩት። ምሳ ላደርስ ሄጄ በዚያው ቀረሁ።

አባቴም ለምን ቀረሽ አላለኝም። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሽቦ በጣቶቹ መካከል ይዞ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አድርጎ "ይሄ ምንድን ነው የሚመስልሽ?" አለኝ፣ እንደ ጨዋታ። "ቡኒ" አልኩት በጆሮው። "ጎሽ፣ ቡኒ ነው" አለ። ፈታኝና ተፈታኝ መስለን ቀጠልን። እያደር መምሰሉም ቀረ። ባለ መኪናውን "ሻይ ጠጥተው ይምጡ፤ ሰው ሲቆምብኝ እጄ አይፈታም" ብሎ ይልከዋል። ሰውየው ሲሄድ እኔ ጎኑ እንበረከካለሁ። እሱ ሽቦውን ይዞ ይጠብቃል፤ እኔ "ቀይ"፣ "ቀይ በነጭ መስመር"፣ "አረንጓዴ፣ ተልጧል" እያልኩ አንሾካሹካለሁ።

የሽቦ ቀለም ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል። መርካቶ ውስጥ ግን ቀለም አይታመንም። አሮጌ መኪና ስንት እጅ ገብቶበታል፤ ሽቦ ያለቀበት ሠራተኛ ያገኘውን ይቀጥልበታል። ፊት ለፊት ቀይ ሆኖ የገባው ምንጣፍ ሥር ዞሮ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ አባቴ ቀለሙን ከእኔ፣ ውፍረቱን ከጣቱ እየወሰደ ነበር የሚሄደው። ሁለታችን ተደምረን አንድ ሰው ወጣን፤ እሱም ቢሆን የሚያነክስ ሰው።

ከመንገዱ ማዶ ሌላ ኤሌክትሪሽያን አለ። ወጣት ነው፣ ሥራ ያውቃል፣ ምላሱ ግን ከእጁ ይቀድማል። ስንንሾካሾክ ሲያይ፣

"ፋዘር፣ መኪና እየሠሩ ነው ወይስ ንስሐ እየተቀበሉ?" ይላል።

"አንተም ና ወረፋ ያዝ" ይለዋል አባቴ። "ያንተ ግን በአንድ ቀን የሚያልቅ አይመስለኝም።"

መንገዱ በሙሉ ይስቃል። እኔ ሳቅ አይመጣልኝም። ሳቁ ካለቀ በኋላ የልጁ ዓይን የት እንደሚቀር አይ ነበር። አንዴ የእኔን ከንፈር፣ አንዴ የአባቴን ጣቶች ያያል። አንድ ቀን ይገባዋል እላለሁ። ገብቶት አንድ ቃል ከተናገረ አለቀልን። ዓይኑ ለማያይ ኤሌክትሪሽያን መኪናውን የሚሰጥ ሰው የለም። እናቴ ወገቧን ታማለች፣ ታናናሾቼ ትምህርት ላይ ናቸው፣ እኔም ከበርበሬው ወጥቻለሁ። ከዚያ ግንብ በቀር የምንደገፍበት አልነበረንም። በየጠዋቱ ሣጥኑን ስከፍት "ዛሬን ብቻ" እላለሁ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ያ ቀን የመጣው የባቡሩ መንገድ በሚቆፈርበት ጊዜ ነው። አብነት ዙሪያው ሁሉ ጉድጓድና አቧራ ነበር፤ መኪና በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ተፋፍጎ ነው የሚያልፈው። ቀትር ላይ ተሸካሚዎች አንዲት ነጭ አሮጌ የቤት መኪና እየገፉ ወደ እኛ አመጡ። መሪውን የያዙት ሐጂ ነበሩ።

ሐጂ ሸማ ተራ አጠገብ የጨርቅ ጅምላ ሱቅ ያላቸው የስልጤ ሽማግሌ ናቸው። የአባቴ ደንበኛ ነበሩ፤ በበዓል የሚጠይቁን ወዳጅም ነበሩ። ልጃቸው ውጭ አገር ስለሆነ የልጅ ልጆቻቸውን ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሱት፣ ቀትር የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ልጆች ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር።

"ወዳጄ፣ ይቺ መኪና መጾም ጀምራለች" አሉ ሐጂ ሲወርዱ። "ነዳጅ ሞልቼላት አልበላም አለች።"

"ማፍጠሪያዋ እስኪደርስ ነዋ፣ ሐጂ።"

"እሷ የምታፈጥረው እኔን አደባባይ ላይ ካዋረደች በኋላ ነው። ሰሞኑን ስትሞቅ ቀጥ ትላለች፤ ትንሽ ካረፈች ትነሳለች። ዛሬ ግን መተላለፊያው መሐል ላይ ዘግታ ተኛች። ያልሰደበኝ ሹፌር የለም።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደግሞ የሚቃጠል ነገር ሸተተ። እኔ አፍንጫዬ ደክሟል፤ ልጆቹ ናቸው 'አባባ ይሸታል' ያሉኝ።"

አባቴ ፈገግታው ጠፋ። "ልጆቹን ያውርዷቸው" አለ።

ልጆቹ ወርደው ጥግ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አባቴ እንደ ልማዱ፣

"ሐጂ፣ እርስዎም አብረዋቸው ሻይ ይጠጡ" አላቸው።

"ዛሬስ ሻይ ይቅርብኝ። የሸተተኝን ነገር በዓይኔ ሳላየው አልሄድም።"

 ባለ መኪና በአጠገባችን ቆሞ ሠርተን አናውቅም። አባቴ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ እጁን በጨርቅ ጠረገና የኋላውን በር ከፍቶ ጆሮውን ወንበሩ ላይ አሳረፈ።

"ቁልፉን አዙሪ" አለኝ። "ሞተሩን አታስነሺ፤ ግማሽ ብቻ።"

እንደዚህ ዓይነት መኪና ቁልፉ ሲዞር ከኋላ፣ ከነዳጅ ታንከሩ ውስጥ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል እንደ ንብ ያለ ድምፅ ይሰማል። ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፓምፕ ነው። አዞርኩ። ምንም አልተሰማም። ደገምኩ።

"ዝም ነው" አለ አባቴ። "ፊውዙን እዪው።"

ፊውዙን ነቅዬ ለብርሃን ያዝኩት። ውስጡ ያለችው ክር አልተበጠሰችም። ጎንበስ ብዬ በጆሮው ነገርኩት።

"ምን አለች?" አሉ ሐጂ።

"ፊውዙ ደህና ነው አለች።"

"ለእኔስ ብትነግረኝ ምን አለበት?"

"ታፍራለች" አለ አባቴ። እውነቱን ነው፤ አፍር ነበር። በዚያ ቀን ግን ከእፍረት የባሰ ነገር ነበረብኝ።

የወንበሩን ጠርዝ ገልጠን ወደ ፓምፑ የሚገባውን ሶኬት አገኘን። አባቴ ሁለት ሽቦ ያላት ትንሽ የመሞከሪያ አምፖል ነበረችው። አንዱን ጫፍ መኪናው ብረት ላይ፣ ሌላውን ሶኬቱ ውስጥ እሱ እየነገረኝ አደረግሁ። ቁልፉን ሐጂ አዞሩ። አምፖሏ በራች።

ያን ጊዜ ከማዶ ያለው ልጅ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ መጣ።

"ይኸው በራ። ኤሌክትሪኩ ቤቱ ድረስ መጥቷል" አለ። "ፓምፑ ሞቷል ፋዘር። ምን ያደክምዎታል?"

ሐጂ ከመኪናው ውስጥ አንድ ፌስታል አወጡ። "እንዲያው ጎረቤቴም ፓምፕ ነው ብሎኝ ከሶማሌ ተራ አሮጌ ገዝቼ ነበር" አሉ እያፈሩ። አባቴ ተቀበላቸውና ከነሽቦው፣ ከነሶኬቱ በጣቶቹ ዳሰሰው። ታንከሩን ሳንከፍት ፓምፑን እዚያው ውጭ ሰካነው፤ ቁልፉ ዞረ። እሱም ዝም አለ።

"ይሄኛውንም ሙት ነው የሸጡልዎት ሐጂ" አለ ልጁ።

"ሁለት ሬሳ ጭኜ ነዋ የምዞረው።"

ሁለቱ ሲስቁ አባቴ አልሳቀም። "የፊት መብራት አምፖል አምጪልኝ" አለ። ከሣጥኑ አውጥቼ ሰጠሁት። ለሐጂ ሲያስረዳቸው አሁንም ድምፁ ይሰማኛል። "ትንሿ አምፖል ትንሽ ይበቃታል። ፓምፑ ግን ብዙ ነው የሚጎትተው። የሰፈራችንን ቧንቧ ያስቧት፤ ጠብ ጠብ የምትለዋ ውሃ ብርጭቆ ትሞላለች፣ በርሜል ግን አትሞላም።"

ትልቁን አምፖል በትንሿ ምትክ አደረግነው። እንደ መብራት አልበራም። ውስጡ ያለው ክር ብቻ ቀላ።

"እንደ ሲጋራ ጫፍ" አልኩት በጆሮው።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ከባትሪው ረጅም ሽቦ አስጎትቶ ጥፋቱ መኪናው ብረት በኩል እንዳልሆነ አረጋገጠ፤ አምፖሉ ያው እንደቀላ ቀረ። "እንግዲህ ኤሌክትሪኩ ከፊት ሲመጣ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ታንቋል" አለ። "የታነቀበት ቦታ ይሞቃል። የሸተተዎት እሱ ነው።"

ከማዶ ያለው ልጅ ጎንበስ ብሎ የቀላውን አምፖል አየ። እኔ ለጥቂት ጊዜ ደስ አለኝ። አባቴ እንደ ድሮው ነው፣ ምንም አልሆነም ብዬ አሰብኩ። ያን ደስታ አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱም ወዲያው ነው የጠፋው።

ሽቦውን ከፊት ጀምረን ተከተልነው። "ቀይ በነጭ መስመር።" ሹፌሩ እግር ሥር፣ "ቀይ በነጭ።" ከፊት ወንበር ሥር፣ አቧራና አንድ የልጅ ላጲስ ካለበት፣ "ቀይ በነጭ፣ ደህና ነው።" አባቴ ሽቦውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል እያሳለፈ ይከተለኛል። የኋላው ወንበር ጋ ስንደርስ "ይሄን ሙሉውን አንሱልኝ" አለ። ሐጂና ከማዶ ያለው ልጅ ወንበሩን ነቅለው አወጡት። የቤንዚንና የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ አንድ ላይ ፊቴን መታኝ። ከአባቴ ቀድሜ ጎንበስ አልኩ።

ድር አየሁ።

ሌላ ኤሌክትሪሽያን ሽቦ ሲቀጥል በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎ ይተወዋል። ፕላስተር ግን በሙቀት ይላላል። አባቴ ከፕላስተሩ በላይ ድር ይጠመጥምበታል። ከሸማኔዎች የተራረፈ ድር ለምኖ ያመጣል፣ በጧፍ ሰም እያሸ ያጠነክረዋል፣ ከዚያ አንዱ ዙር ሌላውን ሳይደርብ ጎን ለጎን እያስተኛ ያስረዋል። መርካቶ ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ሌላ ሰው አላውቅም። ሰዎች ድሩን አይተው "ይሄ የግንቡ ሥር ሰውዬ ሥራ ነው" ይላሉ፤ ሁለተኛም አይነኩትም።

ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ድር ጠቁሮ አርሯል። ዙሮቹ ግን እላይ በላይ ተደራርበው ተወሳስበዋል፤ ሕፃን የጠመጠመው ይመስላል። ከሥሩ ፕላስተሩ ቀልጦ ፈሷል። ወፍራሙ ቀይ ሽቦ የተቀጠለው ከአንዲት ቀጭን ሰማያዊ ሽቦ ጋር ነው፤ ለመሞከሪያ አምፖላችን ብቻ የምትበቃ ቀጭን። የወፍራሙም ክሮች ሁሉም አልገቡም፤ ግማሾቹ ወደ ጎን ወጥተው ቀርተዋል። ቀልጦ ክሮቹን ማያያዝ የነበረበት የብየዳ እርሳስ ሽቦው ላይ የለም። አጠገቡ፣ የነዳጅ ታንከሩ ክዳን ላይ፣ ጠብ ብሎ ደርቋል። በክዳኑ ዙሪያ ቤንዚን ወዝቷል።

ትዝ አለኝ። ከክረምት በፊት ከእህል መጋዘኑ የወጣ አይጥ የሐጂን መኪና ሽቦ በልቶ ነበር። አባቴ ሠርቶት ማታ እየሳቀ አወራን፤ አይጧ ከስንዴ ይልቅ ሽቦ መረጠች ብሎ። ያን ጊዜ እኔ በርበሬ መጋዘኑ ውስጥ ነበርኩ። ስለ ዓይኑ ማናችንም አናውቅም ነበር። እሱ ግን ሳያውቅ አይቀርም። ብቻውን ተንበርክኮ፣ በደበዘዘ ዓይኑ እየዳበሰ ቀጥሎ፣ ሥራው የእሱ እንዲመስል በድሩ ጠምጥሞት ሄደ።

ቀና ብዬ ልጆቹን አየኋቸው። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ብስኩት እየበሉ እግራቸውን ያወዛውዛሉ። ያን ሁሉ ጊዜ በየቀኑ የተቀመጡት ከዚህ በላይ ነው። 

"ቀለም?" አለ አባቴ።

"ቀይ በነጭ።"

"ከዚያስ?"

 ድሩን በጥፍሬ ልገነጥለው አሰብኩ፤ አርሮ ከፕላስተሩ ጋር ስለተጣበቀ አልላቀቅ አለኝ። ሌላው የመጣልኝ ነገር መዳፌን ላዩ ላይ መድፋት ነው። ደፋሁበት።

"አባዬ፣ እዚህ ጋ አይጥ በልቶታል" አልኩት በጆሮው። "እኔው ቆርጬ ላውጣው?"

"ምን አለች?" አሉ ሐጂ ከላያችን።

 የአባቴ ጣቶች በሽቦው ላይ እየመጡ ነው። እጄ ላይ ደረሱና ቆሙ።  አባዬ እዚህ ላይ ተመለስ፣ እባክህ ተመለስ እላለሁ በሆዴ። ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ፣ የማይበላ ነገር የጨበጠ ሕፃን እጅ እንደሚከፈት ከፈታቸው። ከዚያ ድሩን ነካ።

ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው። መልሶ ዳሰሰው። ወፍራሙን ሽቦ በጣቱ ለካ፣ ቀጭኑን ለካ። ክዳኑ ላይ የደረቀችውን እርሳስ በጥፍሩ ነቅሎ በጣቶቹ መካከል ያሽከረክራት ጀመር።

ከማዶ ያለው ልጅ ጎንበስ አለ። "ድር ነው እንዴ? ፋዘር፣ ይሄ እኮ የ..." ብሎ ጀመረና ተወው። ቢሰድበን ይሻለኝ ነበር። ያ ልጅ ነገር ጀምሮ ሲተው አይቼው አላውቅም።

"የእኔ ነው" አለ አባቴ። ፊቱን አላዞረም። "ሐጂ፣ ይሄ የእኔ እጅ ነው።"

"ከክረምት በፊት የሠራኸው?"

"አዎ።"

ሐጂ ወደ አግዳሚው ተመለከቱ። "ልጆቹ ከላዩ ነበሩ" አሉ። አልተቆጡም፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር።

"ከላዩ ነበሩ" አለ አባቴ። "ቀጭን ሽቦ ነው የቀጠልኩበት። ቤንዚኑም አጠገቡ ነው። ትንሽ ቢቆይ ይነድ ነበር።"

"ለምን?"

ጨለማ ነበር ይበል ብዬ ለመንኩ። ቸኩዬ ነበር ይበል፣ ሽቦ አጥቼ ነበር ይበል። በቤታችን ስንት ጊዜ ብሎናል፤ እዚያ ላይ ምን ነበረበት? አባቴ ግን እርሳሷን በጣቶቹ ማሽከርከሩን ቀጠለ። ሐጂ ፊቱን ብዙ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ታንከሩ ክዳን ላይ የቀረውን እጄን አዩት። የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

አባቴ ተነሳና በአገጩ ወደ ማዶው ልጅ ጠቆመ። "እሱ ይሥራልዎት። እጁ ጥሩ ነው።"

"እኔ አልነካም" አለ ልጁ። "የጀመረ ይጨርስ፣ ፋዘር።"

በእኛ መንገድ ልማዱ ይሄ ነው፤ አንዱ የከፈተውን መኪና ባለቤቱ ቆሞ ሳለ ሌላው አይነካም። ልጁ ይህን ያለው አባቴን አክብሮ ይሁን ወይም ሲሠራ ሊያየው ፈልጎ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባቴ "እሺ" አለና ወደ እኔ ዞሮ፣ ሹክ ሳይል፣ ሁሉም እየሰማ፣ "አንቺ ነሽ የምትሠሪው" አለኝ።

በዚህ እጄ ሽቦ በይጄ አላውቅም። ያዢ ሲለኝ መያዝ፣ ስጪ ሲለኝ መስጠት ነበር ሥራዬ። ግን እንቢ ለማለትም ድምፅ ያስፈልጋል። የባትሪውን ሽቦ ፈታሁ። ሽታው እስኪወጣ በሮቹን ሁሉ ከፍተን ጠበቅን። የተቃጠለውን ቆርጬ አወጣሁ፤ የክዳኑን ዙሪያ ጠርጌ አጠበቅሁ። አባቴ ከፊት እስከ ኋላ የሚደርስ አንድ ወጥ ወፍራም ሽቦ ከሣጥኑ አወጣ። ሶኬቱን ሐጂ ገዝተው ካመጡት አሮጌ ፓምፕ ላይ ቆረጥን። መኪናው ውስጥ እሳት አይገባም አለ፤ ብየዳው ከመንገዱ ማዶ፣ ድንጋይ ላይ ነው የሚሠራው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር መበየጃውን ብረት ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ከሰል ውስጥ ከተትን። ሴትዮዋ ማንቆርቆሪያዋን አንስታ ቦታ ሰጠችን።

ሰው ተሰበሰበ። ተሸካሚዎቹ እንኳ አልሄዱም ነበር።

"ብረቱን ሽቦው ላይ አሳርፊ" አለኝ አባቴ። "እርሳሱን ብረቱ ላይ አትንኪ፤ ሽቦው ላይ ንኪ። ሽቦው ሲጠማ ራሱ ይጠጣል።"

እርሳሱ እንደ እብጠት ሆኖ ላዩ ላይ ቀረ። ሲቀዘቅዝ አባቴ ዳሰሰው። "አልጠጣም። ድገሚ።" አቅልጬ አነሳሁትና ደገምኩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ለመጥረግ እጅ አልነበረኝም። የዚያን ጊዜ የሆነ ሰው ከኋላዬ ቢስቅ ሁሉን ጥዬ እሮጥ ነበር። ማንም አልሳቀም። እርሳሱ ድንገት ቀለጠና በክሮቹ መሐል ገብቶ ጠፋ። አባቴ ዳሰሰው፣ በኃይል ጎተተውና መለሰልኝ። በፕላስተር ጠቀለልኩት። እጄ በልማድ ወደ ድሩ ሲሄድ ሰማ።

"ድር አታድርጊበት" አለ።

ሽቦውን በምንጣፉ ሥር አሳለፍን፣ ሶኬቱን ሰካሁ፣ ባትሪውን አሰርኩ። ቁልፉን አዞርኩ። ከኋላ እንደ ንብ ያለ ድምፅ ተሰማና ቆመ። ሞተሩን ሳስነሳው ተነሳ።

ሐጂ እስከ መጋዘኖቹ ጫፍ ነድተው ተመለሱ። ሞተሩን ሳያጠፉ ብዙ አቆዩት፤ ስትሞቅ ነው የምትጠፋው ብለዋልና። አልጠፋችም። እኔ ጎንበስ እያልኩ አዲሱን ሽቦ በመዳፌ እነካ ነበር። ቀዝቃዛ ነው። ወንበሩን መለሱት። ሐጂ ልጆቹን ጠሩ። ልጆቹ ቦርሳቸውን አንግበው መጡና በሩ ጋ ቆሙ።

ሐጂ በሩን ይዘው ወደ አባቴ አላዩም። እኔን ነው ያዩኝ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "የሠራሽው አንቺ ነሽ። ልጆቹን ላሳፍር?"

 እንደ ሁልጊዜው ወደ አባቴ ዞርኩ። ልጅ ሆኜ ሱቅ ስላክ፣ ትምህርት ቤት ስጠየቅ፣ ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ ፊቱን ነው የማየው፤ እሱ ይመልስልኛል። ያሳፍሯቸው ብል ከዛሬ ጀምሮ ሥራው የእሱ እንዳልሆነ በሰው ሁሉ ፊት መናገሬ ነው። ዝም ብል ልጆቹ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ያም ለእሱ መጨረሻው ነው። የሚያድነው ቃል ፈለግሁ፤ አልነበረም። አባቴ ፊቱን እኔ ከቆምኩበት ትንሽ ወደ ጎን፣ ወደ ግንቡ አድርጎ ቆሟል። እኔ የእሱን መልስ እጠብቃለሁ፣ እሱ የእኔን ይጠብቃል።

"ይሳፈሩ" አልኩ።

"እ?" አሉ ሐጂ።

"ይሳፈሩ፣ ሐጂ። በእጄ ነክቼዋለሁ፤ አልሞቀም።"

ልጆቹ ገቡ። ታናሹ ወንበሩ ላይ አንዴ ዘለለና ተቀመጠ። መኪናዋ ሄደች፤ ድምፅዋ ከአብነት ጫጫታ ጋር እስኪቀላቀል ሁላችንም ቆመን አዳመጥን። ተሸካሚዎቹ ተበተኑ። ከማዶ ያለው ልጅ ቀልድ ሳይቀልድ ወደ ቦታው ተመለሰና አንገቱን ደፍቶ የራሱን ሥራ ያዘ።

አባቴ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ዕቃዎቹን መሰብሰብ ጀመረ። ፒንሳውን፣ ካቻቢቴውን፣ አምፖሏን እየዳሰሰ ወደየቦታቸው መለሳቸው። ላግዘው ስል እጄን አልፈለገውም። ምሳው ሳይከፈት ቀርቷል። ሣጥኑን ዘግቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ይቆጣኛል ወይስ ያለቅሳል እያልኩ ፊቱን እጠብቅ ነበር። አልተቆጣም፣ አላለቀሰም። እንደ ሥራ ትእዛዝ ረጋ ብሎ ነው የተናገረኝ።

"ሰው ሲጠይቅሽ ወደ እኔ አትዙሪ" አለኝ። "ብትዞሪም አላይሽም።"